ኤራስሙስ፤ በትምህርት ቤት ላይ የሣቀ መምህር

ትምህርት ቤት ባለበት አገር ሁሉ ስለ ትምህርት ቤት የሚነገር ቀልድ አይጠፋም። ተማሪ በመምህሩ፥ መምህር በዲሬክተሩ፥ ዲሬክተሩም በኢንስፔክተሩ ይሥቃል። ይህ ሣቅ አብዛኛውን ጊዜ ከአፍ ወጥቶ ከነፋስ ጋራ የሚሄድ ነው። ከመምህራን መካከል ተነሥቶ የገዛ ማኅበሩን ድካም በመጽሐፍ ጽፎ ያሣቀ፥ አሥቆም ትምህርት ቤቱ ራሱን እንዲመረምር ያስገደደ ሰው ግን ጥቂት ነው። ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል ቀዳሚውን ስፍራ ከያዙት አንዱ የሆላንዱ ሊቅ ዴሲዴሪዩስ ኤራስሙስ ነው። አሜሪካዊቱ ሜሪ ማካርቲ በ1952፥ እንግሊዛዊው ኪንግዝሊ ኤሚስ በ1954 የዩኒቨርሲቲ መምህራንን ኑሮ በልብ ወለድ አሥቂኝ አድርገው በጻፉ ጊዜ ብዙ አንባቢ አዲስ ዐይነት ድርሰት የተወለደ መስሎት ነበር። የዚህ ሣቅ ሥር ግን ከእነርሱ 400 ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኤራስሙስ የተወለደው በሮተርዳም ከተማ በኦክቶበር ወር መጨረሻ ሲሆን፥ ዓመቱን አንዳንዶች 1466፥ ሌሎች 1469 ያደርጉታል። አባቱ ካህን ነበር። በሮማ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ካህን ማግባት ስለማይፈቀድለት ልጁ ከሕጋዊ ጋብቻ ውጭ የተወለደ ሆኖ ተቈጠረ፤ ይህም ስም እስከ ጎልማሳነቱ ድረስ እንደ ጥላ ተከተለው። በዴቬንተር ትምህርት ቤት ገብቶ ላቲን ተማረ። በዚያም ልጆቹ በግጥም የተጻፈውን የሰዋስው ደንብ ትርጉሙን ሳያውቁት በቃላቸው ይወጡት ነበር። በትምህርቱ መጨረሻ ገደማ ግን አሌክሳንደር ሄጊዩስ የሚባል ደግ መምህር ለትምህርት ቤቱ አለቃ ሆኖ መጣ፤ የጥንቱን የሮማና የግሪክ ጽሑፍ መዐዛ ልጁ መጀመሪያ ያሸተተው ከዚህ ሰው ዘንድ ነው። ወዲያው ቸነፈር ገባና እናቱ ሞተች፤ አባቱም ብዙ ሳይቈይ ተከተላት። ሞግዚቶቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ በመላክ ፈንታ ወደ ገዳም ገፉት። በጉዳ ከተማ አጠገብ በሚገኘው በስታይን ገዳም መነኰሰ፤ በ1492 ቅስና ተቀበለ። ከገዳሙ ኑሮ የወደደው አንድ ነገር የመጻሕፍቱን ቤት ነበር።

ከገዳም የወጣው የካምብሬ ጳጳስ ጸሓፊ ሆኖ ነው። ጳጳሱ በ1495 ወደ ፓሪስ ሄዶ ነገረ መለኮት እንዲማር ፈቀደለት፤ የመማሪያ ገንዘብም ቃል ገባለት። ገንዘቡ ግን የሚመጣው አልፎ አልፎ፥ ያውም ተቈራርጦ ነበር። ኤራስሙስ ያደረበት ቤት ኮሌዥ ደ ሞንቴጉ ይባላል። የቤቱ አለቃ ያን ስታንዶንክ ከድኽነት ተነሥቶ የተማረ፥ ለራሱም ጾመኛና ጨካኝ የሆነ ሰው ነበር፤ ድኻ ልጆች እንዲማሩ ማሰቡ መልካም ነው፥ እርሱ የቻለውን ሁሉ ልጆቹም ይችላሉ ብሎ መፍረዱ ግን ብዙዎችን ጐዳ። የተማሪው መኝታ እርጥብና ከመጸዳጃ አጠገብ፥ ምግቡ የከረመ ዕንቍላል፥ መጠጡ የኾመጠጠ ወይን፥ ምክሩ ደግሞ አለንጋ ነበር። ኤራስሙስ በዚያ ጤናውን አጣ፤ የዓሣ ሽታ እንኳ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ይረብሸው ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን በደል በክስ ይጽፈው ነበር፤ ኤራስሙስ ግን 30 ዓመት ያህል በሆዱ ይዞት ቈይቶ በቀልድ አወጣው። በ1526 ባሳተመው አንድ ጭውውት ባለ ሉካንዳና የዓሣ ነጋዴ ስለ ጾም ሕግ ሲከራከሩ የኮሌዡ ነገር ይነሣል። የቤቱ ግድግዳ እንኳ ከክርክር ብዛት የነገረ መለኮት ሊቅ ሳይሆን እንዳልቀረ ይቀለዳል፤ ተማሪው ግን ከዚያ ይዞት የወጣው በመጥፎ ደም የተሞላ ገላና የቅማል ሀብት ብቻ ነው። በዚያው ስፍራ የስታንዶንክ አሳብ ክፉ እንዳልነበረ፥ ማስተዋል ብቻ እንደ ጐደለው ጨምሮ ይመሰክርለታል። ሲያሥቅ ፍርዱን አለማጣመሙ የኤራስሙስ ልዩ ጠባይ ነው።

በፓሪስ ሳለ ገንዘብ ሲያልቅበት የሀብታም ልጆች ማስተማር ጀመረ። ለእነዚህም ልጆች መንገድ ላይ፥ ማዕድ ላይ፥ ጨዋታ ላይ ላቲን እንዲናገሩበት አጫጭር የሰላምታና የወግ ምልልስ ጻፈላቸው። ልጅ ቋንቋን በደንብ ብዛት ሳይሆን በመናገርና ጥሩ ጽሑፍ በማንበብ እንደሚለምድ የተረዳው በዚህ ሥራ ነው። እነዚህ የልምምድ ወረቀቶች በ1518 ያለ ፈቃዱ ታተሙ፤ እርሱም አርሞና አስፍቶ እስከ 1533 ድረስ ደጋግሞ አወጣቸው። በስተኋላ ጭውውቶች ተብሎ በኤውሮፓ ትምህርት ቤቶች ሁሉ የተነበበው መጽሐፍ መነሻው እንግዲህ የአንድ ችግረኛ አስጠኚ ደብተር ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዱ ሎርድ ማውንትጆይ በ1499 ወደ እንግሊዝ አገር ወሰደው። በዚያ ከጆን ኮሌትና ከቶማስ ሞር ጋራ ተዋወቀ፤ ወዳጅነታቸውም እስከ ሞት ጸና። በጥር ወር 1500 ሲመለስ ግን በዶቨር ወደብ የጉምሩክ ሰዎች ከያዘው 20 ፓውንድ ያህል ገንዘብ 2ቱን ብቻ ትተው ቀሪውን ወሰዱበት፤ ገንዘብ ከአገር ማውጣት በሕግ ክልክል ነበርና። ወዳጆቹ ሕጉ የእንግሊዝን ገንዘብ ብቻ የሚመለከት ነው ብለው አሳስተውት ኖሯል። ባዶ እጁን ፓሪስ ቢደርስ ከግሪክና ከሮማ መጻሕፍት ያጠራቀማቸውን 800 ያህል ምሳሌያዊ አነጋገሮች አሰናድቶ በዚያው ዓመት አሳተመ። ይህ መጽሐፍ በ1508 በቬኒስ ከተማ በአታሚው በአልዱስ ማኑቲዩስ ቤት ከ3000 በላይ፥ በሕይወቱ መጨረሻም ከ4000 በላይ ምሳሌ የያዘ ሆነ። ወደ ኢጣልያ የሄደው በ1506 ሲሆን፥ የነገረ መለኮት ዶክተርነት ማዕርግም በዚያው ዓመት ከቱሪን ዩኒቨርሲቲ ተቀበለ፤ በማዕርጉ ግን ሲመካ አልታየም።

በ1509 ከኢጣልያ ወደ እንግሊዝ ሲመለስ፥ በፈረስ ላይ ሆኖ የአልፕስን ተራሮች ሲያቋርጥ፥ የወዳጁ የሞር ስም በግሪክ ቋንቋ ሞኝነት ከሚለው ቃል ጋራ መመሳሰሉ ትዝ አለውና ሣቀ። ሎንዶን ደርሶ በሞር ቤት በወገብ ሕመም ተኝቶ ሳለ፥ መጻሕፍቱ ገና ስላልደረሱለት፥ ይህን አሳብ በጥቂት ቀናት ጽፎ ጨረሰው። በ1511 በፓሪስ የታተመው የሞኝነት ውዳሴ የሚባለው መጽሐፍ ይህ ነው።

የመጽሐፉ ሥራ እንዲህ ነው። ሞኝነት እንደ ሴት ሆና፥ የቀልደኛ ልብስ ለብሳ ወደ መምህር አትሮንስ ትወጣለች፤ እንደ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ መግቢያ፥ ማስረጃና መደምደሚያ ያለው ንግግር አሰናድታ ራሷን ታመሰግናለች። ሰው ሁሉ በእርሷ ቸርነት እንደሚኖር ለማስረዳት ነጋዴውን፥ መኰንኑን፥ መነኵሴውን፥ ንጉሡን በየተራ ትጠራለች። የሰዋስው መምህራን ተራ ሲደርስ ግን ንግግሯ ይረዝማል፤ ደራሲው ቤቱን ያውቀዋልና። እነዚህ መምህራን ሁልጊዜ የተራቡ፥ ልብሳቸው የነተበ፥ በልጆች ጩኸት ጆሯቸው የደነቈረ፥ በድካም ያለ ዕድሜያቸው ያረጁ ናቸው። ሆኖም በሞኝነት ጸጋ ከሰው ሁሉ በላይ የሆኑ ይመስላቸዋል። በሚንቀጠቀጡት ሕፃናት ፊት ፊታቸውን አጥቍረው ሲገሥጹ፥ በልምጭም ሲገርፉ ክፍሉ መንግሥታቸው፥ አቧራውም ዕጣን ይሆንላቸዋል። ከሻገተ ብራና ላይ ማንም የማያውቀውን አንድ ቃል ያገኘ እንደ ሆነ አገር እንዳቀና ሰው ይፎክራል። ሌላው መምህር አንዲት ቃል ቢያሳስት ግን ጦርነት ይነሣል። ከእነርሱም አንዱ የላቲንን የንግግር ክፍሎች በትክክል ለመለየት 20 ዓመት ራሱን ሲያስጨንቅ ኖሯል። የነገረ መለኮት ሊቃውንትም አልቀሩም፤ በጥያቄ ላይ ጥያቄ እየደረቡ የሚፈትሉት ክር እጅግ ከመቅጠኑ የተነሣ ሐዋርያት ተመልሰው ቢመጡ የእነርሱን ፈተና ለማለፍ ሌላ መንፈስ ያስፈልጋቸው ነበር ትላለች።

መጽሐፉ ያን ያህል የተወደደው፥ ያን ያህልም የተፈራው በአሠራሩ ነው። ተናጋሪዋ ሞኝነት ስለሆነች በቃሏ የሚቈጣ ሰው ነገሩ እንደ ነካው ራሱ መሰከረ ማለት ነው። ደራሲውም ከሚሣቅባቸው ሰዎች ተለይቶ ከላይ አልቆመም፤ ሞኝነት ኤራስሙስንም በስሙ ጠርታ ከወዳጆቿ ትቈጥረዋለች። በስም ለይቶ አንድን ሰው ከማዋረድ ይልቅ የማዕርጉን ሕመም ማሳየት ይመርጥ ነበር። እንዲያም ሆኖ የተቈጣ አልጠፋም። የሉቫን ዩኒቨርሲቲ ሰው ማርቲን ዶርፕ በ1514 መጽሐፉ ሊቃውንትን በሕዝብ ዘንድ እንዳስናቀ ጽፎ ወቀሰው። ኤራስሙስ በ1515 በትሕትና መለሰለት፤ ሞርም ረዥም ደብዳቤ ጨመረ፤ በመጨረሻ ዶርፕ ታረቀ። በዚያ ዘመን በሊቃውንት መካከል የተነሣ ክርክር በእርቅ የሚያልቀው ከስንት አንዴ ነበር።

ከ1511 እስከ 1514 ኤራስሙስ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ግሪክ አስተማረ። ሰሚው ጥቂት፥ ክፍያው አነስተኛ፥ ቢራውም ለሆዱ የማይስማማ ነበርና ከወዳጆቹ ወይን እየለመነ ይጽፍ ነበር። በዚሁ ጊዜ ኮሌት በሎንዶን ባቋቋመው በቅዱስ ጳውሎስ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ረዳት መምህር እንዲፈልግለት ጠየቀው። ኤራስሙስ ይህን በካምብሪጅ ሊቃውንት መካከል ቢያነሣ አንዱ ሌላ ሥራ የሚያገኝ ሰው ዕድሜውን ከሕፃናት ጋራ እንደማያባክን በንቀት ተናገረ። ኤራስሙስም ልጆችን በመልካም ትምህርትና በምግባር ከማሳደግ የሚበልጥ አገልግሎት እንደሌለ መለሰለት። እርሱ ራሱ በ1512 ለዚያ ትምህርት ቤት አንድን አሳብ በብዙ ዐይነት ቃላት መግለጥን የሚያስተምር መጽሐፍ አሰናዳ፤ ደብዳቤ ደርሶኝ እጅግ ደስ አለኝ የሚለውን አንድ ነገር ከመቶ በሚበልጥ ልዩ ልዩ አነጋገር ጽፎ አሳየ። በ1516 ሐዲስ ኪዳንን በግሪክና በላቲን በባዝል ከተማ ያሳተመው ሊቅ፥ ለሕፃናት መልመጃ ማዘጋጀትን እንደ ውርደት አልቈጠረውም።

ስለ ሕፃናት አስተዳደግ በ1529 ያሳተመው መጽሐፍ ሣቁ ያቆመበትን ስፍራ ያሳያል። አንድ የታወቀ የትምህርት ቤት አለቃ ከምሳ በኋላ አንድ ተማሪ አስወጥቶ የማስገረፍ ልማድ ነበረው። አንድ ቀን እናቱ አምጥታ አደራ የሰጠችውን 10 ዓመት ያህል የሆነውን ልጅ ያለ ጥፋቱ ራሱን እስኪስት አስገረፈው፤ ከዚያም ልጁ ጥፋት እንደሌለበት፥ ነገር ግን ትሕትና መማር እንዳለበት ለእንግዶቹ አስረዳ። ኤራስሙስ ይህን የጻፈው ያለ ቀልድ ነው። መምህር ልጁን መውደድ ይገባዋል፥ ፍርሀት ያስገባው ትምህርትም አይሰነብትም ብሎ ይከራከራል። በምትኩ ያቀረበው ጨዋታን ነው፤ የፊደል ቅርጽ ያለው ብስኵት ጋግሮ ፊደሉን ለለየ ልጅ መስጠት፥ ወይም አንድ እንግሊዛዊ አባት እንዳደረገው ፊደል የተጻፈበትን ዒላማ በቀስት እየወጋ ስሙን እንዲጠራ ማድረግ።

በዩኒቨርሲቲ ኑሮ ላይ ከጻፋቸው ሁሉ ለዛሬው ልብ ወለድ እጅግ የሚቀርበው ግን በ1528 የወጣው ሲሴሮናዊው የሚባል ጭውውት ነው። ኖሶፖኑስ የተባለ ሊቅ ሲሴሮ ከተናገረው ቃል በቀር ሌላ ቃል እንዳይጽፍ ቈርጦ ተነሥቷል። 7 ዓመት ሙሉ ከሲሴሮ መጻሕፍት በቀር ሌላ አላነበበም። የሲሴሮን ቃላት ሁሉ በየፊደሉ የለቀመባቸው መዝገቦች ሁለት ብርቱ ተሸካሚዎች የማያነሡአቸው ሆኑ። የሚጽፈው በሌሊት፥ ከቤቱ ሁሉ ውስጠኛ በሆነው፥ ግድግዳው በወፈረ፥ በሩና መስኮቱ ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ ነው። አእምሮው እንዳይከብድ ራቱን በ10 ትንንሽ የዘቢብ ፍሬና በ3 በስኳር የተለበጠ ድንብላል ይወስናል። ሚስት አላገባም፥ ሹመትም አልፈለገም። በዚህ ሁሉ ድካም ግን የሚጽፈው ወዳጁ የተዋሳቸውን መጻሕፍት እንዲመልስለት የሚለምን አጭር ደብዳቤ ነው፤ ለአንድ ዐረፍተ ነገር አንድ ሌሊት ሙሉ ቢበቃው ራሱን ዕድለኛ አድርጎ ይቈጥራል። ሁለት ወዳጆቹ እነርሱም በዚሁ ሕመም የተያዙ መስለው ቀርበው ቀስ በቀስ ያክሙታል።

ከቀልዱ በታች ያለው ትምህርት ግልጥ ነው። ሲሴሮ የተደነቀው ለዘመኑ ሰዎች በዘመኑ ጉዳይ ስለ ተናገረ ነው፤ ዘመን፥ ሃይማኖትና ሥርዐት ከተለወጠ በኋላ ቃሉን ብቻ የሚቀዳ ሰው ከሲሴሮ ይርቃል እንጂ አይቀርበውም። እንግዲህ መምሰል ማለት ንብ ከብዙ አበባ ለቅማ የራሷን ማር እንደምትሠራ፥ ያነበቡትን ፈጭቶ የራስ ማድረግ ነው። ይህ ነገር ብዙዎችን አስቈጣ። ስካሊገር በ1531፥ ኤትዬን ዶሌ በ1535 ስድብ የተቀላቀለበት መልስ ጻፉ።

ኤራስሙስን ከሁሉ ይልቅ የጐዳው ግን በዘመኑ የተነሣው የሃይማኖት መለያየት ነው። የሉተር ወገኖች የእኛን አሳብ ይዞ ሳለ ከእኛ ጋራ ለመቆም ፈራ አሉት፤ የሮማ ወገኖችም ለሉተር መንገድ የጠረገው የእርሱ ሣቅ ነው ብለው ከሰሱት። በ1524 ስለ ሰው ነጻ ፈቃድ ጽፎ ከሉተር ቢለይም ክሱ አልቀረለትም፤ በ1526 የፓሪስ የነገረ መለኮት ሊቃውንት ጭውውቶቹን አወገዙ። በእርግጥም ድካም አልነበረበትም ማለት አይቻልም። ጥቃትን ይፈራ፥ ለሹማምንትም ምስጋና ያበዛ ነበር፤ ስለ ሰላምና ስለ ትዕግሥት ያን ያህል የጻፈው ብዕሩ አይሁድን በጠቀሰ ጊዜ ከዘመኑ ጥላቻ አልነጻም። ሆኖም በአሳብ የተለየውን ሰው በእሳት ማቃጠል በሚደገፍበት ዘመን ለማንም ወገን ጠላት ለመግደል ብዕሩን አላዋሰም።

በ1529 የባዝል ከተማ በሃይማኖት ሁከት ስትናወጥ ወደ ፍራይቡርግ ተሰደደ። በ1534 ዳሚያው ደ ጎይሽ የተባለ ወጣት ፖርቱጋላዊ መጥቶ በቤቱ ጥቂት ወራት ተቀመጠ። ይህ እንግዳ ከሁለት ዓመት በፊት ንግሥት እሌኒ ወደ ፖርቱጋል ስለ ላከችው ስለ መልእክተኛው ስለ ማቴዎስ በላቲን መጽሐፍ ያሳተመ፥ በሊስቦንም የዐፄ ልብነ ድንግልን መልእክተኛ ጸጋ ዘአብን ያገኘ ሰው ነው። የፖርቱጋል የነገረ መለኮት ሊቃውንት ጸጋ ዘአብን ስለ ሃይማኖቱ መርምረው ከቍርባን ከልክለውት ነበር። ዳሚያው ግን የኢትዮጵያን እምነትና ሥርዐት ራሱ እንዲጽፍ ለመነው፤ ጽሑፉንም ወደ ላቲን መልሶ በ1540 በሉቫን አሳተመው። ሌላውን ከመፍረድ በፊት በራሱ አንደበት እንዲናገር ዕድል መስጠት ኤራስሙስ በሕይወቱ ሁሉ የተሟገተለት ልማድ ነው።

በ1535 ወደ ባዝል ተመለሰ። በዚያው ዓመት ወዳጁ ቶማስ ሞር በእንግሊዝ ንጉሥ ትእዛዝ አንገቱ ተቀላ፤ በቤቱ የሞኝነት ውዳሴ የተጻፈበት ሰው ነበር። ኤራስሙስም በሐምሌ ወር 1536 ሞተና በባዝል ካቴድራል ተቀበረ። በ1559 ጳጳስ ጳውሎስ አራተኛ መጻሕፍቱን ሁሉ ከተከለከሉት መዝገብ አገባቸው፤ ትምህርት ቤቶች ግን ሊተዉአቸው አልቻሉም። የምሳሌዎቹ መጽሐፍ በአንዳንድ አገር ስሙ ተሰርዞ ታተመ፤ ተማሪው የማንን እንጀራ እንደሚበላ ሳያውቅ በእርሱ ላቲን ተማረ። ፈረንሳዊው ራብሌ በ1532 በደብዳቤ የመንፈስ ወላጁ መሆኑን መስክሮለት፥ በፓሪስ ሊቃውንት ላይ የጻፈውን ብርቱ ፌዝ ከዚያው ምንጭ ቀዳ። በ1987 የኤውሮፓ መንግሥታት ተማሪዎች ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ሄደው የሚማሩበትን ዕቅድ ሲያቋቁሙ ኤራስሙስ አሉት፤ ከከተማ ወደ ከተማ ዕውቀት እየፈለገ ለዞረ ሰው የሚገባ መታሰቢያ ነው።

መምህር የሚሣቅበትን ነገር ከራሱ ላይ ማጥፋት አይችልም፤ ሥራው በየቀኑ በብዙ ዐይን ፊት የሚሠራ ነውና። ኤራስሙስ የሣቀው ግን ድኻውን የሰዋስው መምህር ለመናቅ አልነበረም። የነተበ ልብሱን አይቶ አዘነለት፤ አለንጋውን፥ ኩራቱንና ባዶ ቃሉን አየና ሣቀበት። በራሱ ላይ የሚነገረውን ቀልድ ሰምቶ ከቍጣው በፊት እውነት መሆኑን የሚመረምር መምህር አለንጋውን ከእጁ ለማስቀመጥ ሌላ ትእዛዝ አያስፈልገውም።